ለዘነበች አገር ይዤላት ስሄድ

ከሮተርዳም ዙይድ

ረቡዕ ጠዋት ታብሌቴን በሻርፕ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከምኖርበት ከደቡቡ ሰፈር፣ ከሮተርዳም ዙይድ፣ ሜትሮ ተሳፈርኩ። ሐሳቤ መጀመሪያ አምስተርዳም፣ ከዚያ ዴን ሃግ ሄጄ ማታ ቤቴ ለመግባት ነበር። እግሬ አንድ ቦታ የማይረጋ ሴት መሆኔን የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ የዚህ ቀን መንገድ ግን የሽርሽር አልነበረም።

ዘነበች የምትባል ጓደኛ አለችኝ። በስደተኞች ካምፕ አንድ ክፍል ከተጋራን ጀምሮ ይህን የሆላንድ አገር በባቡርም በእግርም አብረን አዳርሰነዋል። ከጥቂት ወራት በፊት ስትሮክ መታትና ዴን ሃግ፣ የሕመምተኞች መንከባከቢያ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ዋለች። ሐኪሞቹ ብዙ እንደማትቆይ ተናግረዋል፤ እሷም ታውቃለች። ባለፈው ስጠይቃት፣ “የማውቀውንማ አገር ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ፤ ማንም ያልረገጠውን ሣዪልኝ። ግድግዳው ላይ ይሰቀልና እየገባሁበት ልዋል” አለችኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። በታብሌት መሣሉንም የጽዳት ሥራዬን ካቆምኩ ወዲህ የለመድኩት ነው። የሌለ አገር እሥላለሁ፤ ደመና ላይ የተቀመጠ ተራራ፣ ሽቅብ የሚፈስ ወንዝ፣ በዓለት ውስጥ የሚያበራ ከተማ።

ለዘነበች የሣልኩትን ስጨርስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ አሳየሁ። “እጅዎ ይባረክ፣ እማማ ብርቄ!” “ጸጋ ነው እኮ!” ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሽበቴን አከበሩ እንጂ ሥዕሉን አላዩትም። ጉድለቱን ደፍሮ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው ወደ አምስተርዳም የተነሣሁት።

አምስተርዳም

ከባቡሩ መስኮት ውጭ ሜዳው እንደ ተዘረጋ አቡጀዲ ዝርግ ነው። በግ፣ ቦይ፣ የመስታወት የአትክልት ቤት፣ እንደገና በግ። ከዋናው ጣቢያ በትራም የምንሰበሰብበት የሰፈር አዳራሽ ደረስኩ። እዚያ እንደ እኔ በታብሌት የሚሥሉ ሰዎች በየሳምንቱ ሥዕላቸውን ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር እያበሩ ይተቻቻሉ። አስተማሪያችን ሊስቤት ሆላንዳዊት ናት፤ ለሽበትም ለማንም አታደላም።

ሥዕሌን ቀረብ ብላ አየችው። “ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ” አለች። “ከተማው ያበራል፣ ጨረቃው ያበራል፣ ወንዙም ያበራል። የትኛውን ልይ?”

ከኋላዬ የተቀመጠው ሱሪናማዊ፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣ “እዚህ አገር ለመብራት አይከፈልም ማለት ነው። አድራሻውን ስጪኝ፣ ልዛወር” አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ትንሽ ቆነጠጠኝ።

ሊስቤት ሥዕሉን በመስታወት እንደሚታይ አድርጋ ገለበጠችው። ለካ ተራራዬ እንደ ሰካራም አንድ ወገን አጋድሏል! በለመድኩት አቅጣጫ ሳየው ይህ አንድ ቀን አልታየኝም። ከተማውንም መሐል ላይ የተከልኩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስለለመድኩ ነው፤ በእኛ ዘንድ የከበረው መሐል ይቀመጣል። እሷ ግን፣ “ወደ ግራ አውጪው። በቀኝ በኩል ሁለት ትናንሽ ሰዎች ወደ እሱ ሲሄዱ ሣዪ። የተራራው ትልቅነት ያኔ ይታወቃል፤ ዓይንም ተከትሏቸው ይገባል” አለችኝ።

እሺ ብዬ እዚያው ሠራሁት። ተራራውን አቀናሁ፣ ከተማውን ወደ ግራ አወጣሁ፣ ጨረቃውን አጠፋሁ፣ ወንዙን አደበዘዝኩ፣ በቀኝ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ጨመርኩ። ሊስቤት፣ “አሁን አገር ሆነ” አለች። ደስ አለኝ። ከአዳራሹ አጠገብ ካለ ኮፒ ቤት በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ጠቀለልኩት።

ዴን ሃግ

ጣቢያው ላይ ራበኝና ፓታት የሚሉትን የድንች ጥብስ ገዛሁ። የጾም ቀን ነበርና “ያለ ማዮኔዝ” ስለው፣ ያለ እሱ የማይበላ አገር ነውና ሻጩ ደንግጦ፣ “እመቤት፣ አመመዎት እንዴ?” አለኝ። አምስት ዩሮ የማይሞላ ነገር ነው፤ ሆዴን ያዘልኝ።

ዘነበች ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ልጇ ሄለን ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አጠገቧ ናት። ሥዕሉን ከአልጋው ፊት ለፊት ለጠፍነው። ዘነበች ብዙ አየችው።

“ሴቶቹ እኛ ነን?”

“እኛ ነን።”

“ወዴት ነው የምንሄደው?”

“ከፊታችን አታዪም?”

“ጨለማ ነው” አለች ቀስ ብላ። “ጥሩ ነው ብርቄ፣ አልዋሸሽኝም። ሰው ሁሉ ‘ትድኛለሽ’ እያለ ይሸነግለኛል።”

ያን ያህል ብርሃን ያፈሰስኩበት ከተማ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እሷ ጨለማ ነው ትላለች። በዚህ መሐል ምግቧ መጣ። ሩዙን ከሳህኑ ቀኝ በኩል በልታ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ግራው እንዳለ ነው። ሄለን ሳህኑን አዞረችው፤ ዘነበችም አዲስ እንደ ቀረበላት ቀጠለች።

ኮሪደር ላይ ሄለንን ያዝኳት። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ስትሮኩ የግራ ጎኗን ወሰደባት፣ እማማ። በግራዋ ያለ ነገር አይታያትም፤ ለእሷ የለም። ‘እንዳያዝኑልኝ ለሰው እንዳትናገሪ’ ብላኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው በቀኟ ባለው ወንበር ነው። እንዴት ልወቅ?

ተመልሼ ታብሌቱን አወጣሁ። በዚህ አሣሣል ሁሉም ነገር በየራሱ ስስ ገጽ ላይ ስለሚቀመጥ ከተማውን እንዳለ አንሥቶ መውሰድ ይቻላል። ከግራ ነቅዬ ቀኝ ዳር ተከልኩት። ሴቶቹን ፊታቸውን ወደ እሱ መልሼ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ አቆምኳቸው። በግራ ጉም ብቻ ቀረ። ከዚያ ታብሌቱን ፊቷ ያዝኩላት።

አንገቷን ወደ ታብሌቱ ሰገግ አደረገች። “ውይ... የከተማው በር ክፍት ነው እንዴ?”

“ክፍት ነው።”

ጣቷን ወደ ሴቶቹ ዘረጋች። “የቷ ነኝ?”

“የፈለግሽውን ሁኚ።”

“እንግዲያው ይቺኛዋ ነኝ። ጎን ለጎን አታስኪጂን። እኔን ወደ በሩ አስጠጊኝ፤ አንቺ ወደ ኋላ ቅሪ።”

“ለምን?”

“ያንቺ ጊዜ ገና ነዋ! ደግሞ ካንቺ ጋር ስሄድ መቼ ደርሼ አውቃለሁ? በየሱቁ መስኮት ትገተሪያለሽ።”

ሄለን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ያለችኝን አደረግሁ። እሷን በሩ ደጃፍ አደረስኳት፤ ራሴን ወደ ኋላ፣ ወደ ግራው ጉም ሳብኩ።

ዘነበች ሥዕሉን ፈለገችበት። “የታለሽ? ጠፋሽብኝ።”

“አለሁ፤ ከኋላሽ ነኝ።”

“እሺ” አለች። “በቃ፣ እንዲህ ይታተም።”

ወደ ቤት

በመመለሻው ባቡር ላይ ሥዕሉን ለሊስቤት ላክሁላት። ሮተርዳም ሳልደርስ መለሰችልኝ፤ “ግራው ባዶ ነው፣ ሚዛኑ ፈርሷል፤ ምን ነካሽ?” ትላለች። ልክ ናት። ጠዋት የነገረችኝም ልክ ነበር። እኔ ግን ሥዕሉን ለማሳመር አገር ለአገር ስዞር፣ የምታየው ሴት ከየት ወገን እንደምታይ አንድ ቀን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ይህን ነው።

ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ታብሌቱን ከፈትኩ። ጉሙ ውስጥ የቀረችው ሴት ብቻዋን ናት። እጄ ፋኖስ ሊያስይዛት ቃጣው፤ ብርሃኑ በዘነበች በኩል ይብቃ ብዬ ተውኩት። አረፍ የምትልበት ድንጋይ ብቻ ሣልኩላት።