ወንድሜ ጎን ለጎን ሲያወራ

የጭነት መኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ትከሻዬ ይሰበሰባል። ቆቦ ላይ አስፋልት ዳር እየኖሩ ጡሩምባ መፍራት ያስቃል፤ የገዛ ልጆቼ ይስቁብኛል። እነሱ ምን ያውቃሉ!

ታላቅ ወንድሜ የታመመው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ሐኪም ስኪዞፍሬኒያ ያለው ኋላ ነው፤ ያኔ ሰፈሩ "ጂን ለክፎታል" ብሎ ጨርሶ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር። ማሽላ ከወፍ ስንጠብቅ፣ ማማው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ወደ ማሳው እያየን ሲያወራኝ ቃሉ አይዛነፍም። የእሸቱ ሽታ፣ ነፋሱ፣ እሱም ቀስ ብሎ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው። ፊት ለፊት ሲያፈጡበት ወይም ጫጫታ ሲበዛ ግን ያየው የሰማው ሁሉ ንግግሩ ውስጥ እየገባ ያምሰዋል።

አባቴ ይህን ልብ አላለም። ዱዓ በሰው ብዛት ይበረታል ብሎ የሰፈሩን ሽማግሌዎች በሙሉ ደጃችን፣ አስፋልቱ ዳር፣ ግራሩ ስር ሰበሰበ። ከዱዓው በኋላ ያናግሩታል፤ ንግግሩ ከተቃና እሰየው፣ ካልተቃና በሰንሰለት ይታሰራል።

መሐል አስቀመጡት። የእኛ አገር ሰላምታ መች በአንድ ቃል ያልቃል! ዓይን ዓይኑን እያዩ በየተራ "እንዴት ነህ? ማሳውስ? ከብቱስ?" ይሉታል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ማሳው..." ብሎ ጀመረ። የጭነት መኪና ጡሩምባ ጮኸ። "ማሳው ይጮኻል... ዓይናችሁ አስፋልት ነው... ጺማችሁ ተጫነኝ..."

"አብሽር ልጄ፣ ጮክ በል!" ብለው ይብሱን ተጠጉት። ላቡ ይንቆረቆራል።

እኔ የበሩን መቃን ጨብጬ አያለሁ። "ወደ ማሳው አዙሩት፣ አንድ ሰው ብቻ ጎኑ ይቀመጥ" ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ምን አፍ አላት? ዝም አይነቅዝም እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጓዳ ውስጥ፣ ከምሰሶው ጋር አሰሩት። ሰው ሁሉ ሲወጣ ፈራ ተባ እያልኩ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ወደ በሩ ብርሃን ዞርን።

"አንቺ ታውቂ የለም እንዴ?" አለኝ ጥርት አድርጎ። "ምነው ዝም አልሽ?"

"ፈርቼ ነው፣ ወንድምዬ።"

እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

"እኔም ፈርቼ ነው" አለኝ።