የመመለሻው ነዳጅ

አባቴ በጦርነቱ ጊዜ ለቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ነዳጅ ይሞሉ ነበር። አሁን ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር መናኸሪያ ድረስ ይሸኙኝና ሾፌሩን፣ «ነዳጁ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል?» ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ተሳፋሪው ሲስቅ አፍሬ፣ «አባዬ፣ መንገድ ላይ ማደያ አለ እኮ!» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ወደ ጥግ ወስደው ነገሩኝ። አውሮፕላኖቹ የሚሄዱበት ቦታ ምስጢር ነበር፤ እሳቸው ግን ከሚሞሉት ነዳጅ ርቀቱን ይገምቱ ነበር። አንድ ጠዋት ለሩቅ በረራ የሚሆን ነዳጅ ሞልተው ሳለ፣ የተጫነው ቦምብ ስለከበደ ነዳጁን ቀንስ ተባሉ። ለመመለሻ እንደማይበቃ እያወቁ ቀነሱ። የአብራሪው ሚስት ካምፑ በር ላይ አግኝታቸው፣ «ባለቤቴ ለምሳ ይደርሳል?» ስትላቸው «ይደርሳል» አሏት።

ሰውየው አልተመለሰም።

«እኔ ምስጢር ጠባቂ ነህ ተብዬ ተመሰገንኩ» አሉኝ።