ሲደመር የሚወድቅ ግንብ

በመሥሪያ ቤታችን «ቆይ ቆይ» እንላታለን፤ ነገር ከመሃል ሲቆረጥ አትወድም። መሐንዲስ ናት። ጠረጴዛ ስንጋራ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደዚያ ሰሞን ግን ፊቷ ጠቁሮ አይቼ አላውቅም። ያሳደጓት አክስቷ ከሚኖሩበት ሰፈር በላይ ያለውን ዳገት ደግፎ የያዘው ግንብ ተሰንጥቋል።

ስንጥቁ ብቻውን አያስፈራም። ግን ከግንቡ ጀርባ ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኗል። ዝናብ ሲጥል ውሃው መሄጃ አጥቶ አፈሩን ያከብደዋል፤ የከበደው አፈር ደግሞ ግንቡን የሚገፋው በተሰነጠቀው በኩል ነው። ይህን ሁሉ አብራርታ ጽፋ ነበር። ኃላፊያችን ገለጥ እንኳ ሳያደርጉት፣ «የኔ እመቤት፣ ይሄን ማን ያነባል? በስላይድ አምጪው፤ አንዱ ከስድስት መስመር እንዳይበልጥ» አሏት። የቤቱ ደንብ ነው፤ ስብሰባው የሚወስነው ግድግዳው ላይ ባየው ብቻ ነው።

እያረረች ቆራረጠችው። መጀመሪያ የወጣው አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው ነገር ነበር። ስንጥቁ በአንድ ስላይድ፣ መውረጃው በሌላ፣ ዝናቡ በሦስተኛው ቀረ። ተሰብሳቢው እያንዳንዱን አየና በየተራው «ይሄማ ቀላል ነው» ተባባለ።

«እስቲ ቆዩ! ሲደመሩ ነው እኮ ግንቡ የሚወድቀው!»

«እሱን በሚቀጥለው ስላይድ» አሉ ኃላፊው።

የሚቀጥለው «እናመሰግናለን» የሚል ነበር። ተጨበጨበ። ጥገናው የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከብድ ተያይዘን ወደ አክስቷ በረርን። ልብስ እያጠቡ አገኘናቸው። ከላይ እስከ ታች ነገረቻቸው፤ አላቋረጧትም። ስትጨርስ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው፣ «በይ ተነሺ ልጄ፣ ጎረቤት ሳይወጣ እኔ ብቻዬን ወጥቼ ምን ሊረባኝ?» አሉ።

በር ለበር ዞርን። በየደጁ ከስንጥቁ ጀምራ ታስረዳለች፤ አንዷ ልጅ እያስተኛሁ ነው ትላለች፣ ሌላው ነገ እንነጋገር ይላል። ድምፅዋ ተዘጋ። ዝናቡ መጣል ጀመረ። ጥግ ባለው ቤት አንድ ጎልማሳ በትዕግሥት ሰማትና ስልኩን አወጣ።

«እህቴ፣ ስለ ግንቡ የተሠራው ስላይድ ከቢሮ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ተልኮልናል። እይው፣ ‹ስንጥቅ፦ አነስተኛ› ይላል። እንዲህ ቁልጭ አድርጎ የጻፈውን እግዜር ይባርከው። አንቺ ግን ሰው አታስጨንቂ።»

በሩ ተዘጋ።

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። አክስቷ ገፋ አድርገዋት አለፉና በሩን በሁለት እጃቸው ይደበድቡት ጀመር።