ይነሳ ወይስ አይነሳ

ማሪጉ ከኤምቡ ከተማ ገበያ ጀርባ የተቀቀለ በቆሎና ቦሎቄ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። አገሬው በበኩር ልጇ ስም “ማማ ሙጌንዲ” ይላታል። ሙጌንዲ ግን የለም። በምርጫው ሰሞን የፓርቲው ሰዎች ደጋፊ አጭቀው በጫኑበት፣ ፍሬን በሌለው የጭነት መኪና ወደ ስብሰባ ሲሄድ ገደል ገብቶ ሞተ።

ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨው ሰው የኤምቡ ልጅ ነበር። ቀብር ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ “እናቴ፣ የመኪናውን ባለቤት ፍርድ ቤት ካላቆምኩልሽ ልጅሽ አይደለሁም” አለ። አመነችው። ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ የሚመረጡት አብረው በአንድ የድምፅ ወረቀት ነውና፣ ፕሬዚዳንቱንም የመረጠችው ለእሱ ስትል ነው።

ከተመረጠ በኋላ ሁለት ዓመት የምክትሉን ደጅ ጠናች። እሷ በር ላይ ስትቆም የመኪናው ባለቤት እየሳቀ ይገባል፣ ይወጣል።

ከዚያ ሁለቱ ሹሞች ተጣሉ። ምክትሉም የተመረጠ ስለሆነ ፕሬዚዳንቱ ሊያባርረው አይችልም፤ የሚያነሳው ፓርላማ ነው፤ ያውም ሕዝብ ተጠይቆ። በመጠየቂያው ቀን የኤምቡ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ።

“አይነሳም! ልጃችን ነው!” ይላል ሕዝቡ።

ጎረቤቷ ኢጎኪ ጎሸም አደረገቻት። “ተነሺ እንጂ! ሐዘንተኛ ይሰማል። ‘አይነሳ’ በያቸው።”

ማሪጉ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለች።

“እናቴ፣ በአጭሩ” አለ ሰብሳቢው፤ “ይነሳ ወይስ አይነሳ?”

“በአጭሩ? ሲታጭ ማን ጠየቀኝ? ትልቁ ሰውዬ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ ሆቴል ቁጭ ብሎ መረጠና አመጣልን። ይሄ ደግሞ በልጄ መቃብር ላይ ማለልኝ። የታል የመኪናው ባለቤት?”

“እሱ የዛሬ ጉዳይ አይደለም።”

“የእኔ ጉዳይ መቼ ነው ታዲያ? ይነሳ! ያመጣውም አብሮ ይነሳ!”

“ስለ እሱ አልተጠየቁም” አለና ድምፅ ማጉያውን ነጠቃት።

ኢጎኪ በር ላይ ያዘቻት። “አበድሽ? የገዛ ልጃችንን?”

“ያንቺ ልጅ ቤት ነው ያለው፣ ኢጎኪ።”

ምክትሉ በፓርላማው ድምፅ ከሥልጣን ተነሳ። ፕሬዚዳንቱ ሌላ ስም ላከ፤ ፓርላማው አጸደቀ፤ በዚህኛው ኤምቡን የጠየቀ የለም። ኤምቡ ግን ንዴቱን ማሪጉ ላይ ተወጣ። ደንበኞቿ ድስቷን እያዩ ዞረው ያልፋሉ።

አንድ ጠዋት ድስቷን ተሸክማ ሄዳ የመኪናው ባለቤት ግቢ በር ላይ ጉልቻ ጎለተች።

“እማማ፣ እዚህ መሸጥ ክልክል ነው” አለ ዘበኛው። “ጌታዬ ይከስሱሻል።”

ማሪጉ እሳቱን እፍ አለችው።

“ይክሰሰኝ” አለች። “ፍርድ ቤት እንዲቆም ነው የምፈልገው።”