መልሼ ያሸግኩት ደብዳቤ

ተበድያለሁ። የልጄ ኮሌጅ ጋዜጣ «እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት» ብሎ ጻፈ። ስድስት ዊንተር ሙሉ፣ በዚያ በረዶ፣ ከሰፈራችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ በአውቶቡስ ወደ ቅርጫት ኳስ ልምምድ ያመላለስኳት እኔ ነኝ።

ይህ የእነሱ በደል ነው። የእኔን በደል ግን ከራሷ ከልጄ በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም። አሁን አንተ አንባቢው ስማኝ።

ያልተማርኩ ሰው ነበርኩ። ከእናቷ ከተለያየን ወዲህ ልጄ ብሩክታዊት እሁድ እሁድ እየመጣች፣ ማቀዝቀዣው ላይ የከመርኩትን ደብዳቤ እየከፈተች ታነብልኝ ነበር። «አባዬ፣ ይሄኮ የፒዛ ማስታወቂያ ነው፤ ለሱም እኔን ጠበቅክ?» ብላ ትስቅብኛለች። በአርባ ስምንት ዓመቴ ተደብቄ ፊደል ቆጠርኩ፤ አማርኛውን ቤተ ክርስቲያን፣ እንግሊዝኛውን ቤተ መጻሕፍት። ለምን ደበቅኩ? ማንበቤን ካወቀች እሁድ ምን ብላ ትመጣለች?

ጋዜጣውን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፤ ጣቴን እያስከተልኩ። ተቀየምኩ። ስትደውል ስልኬን አላነሳሁም። በሳምንቱ ከአሰልጣኟ ደብዳቤ መጣ። ብሩክታዊት ምርጥ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ተብላለች፤ በዚያ ኮሌጅ ደግሞ ሽልማቱን በእጁ የሚሰጠው ተሸላሚዋ የመረጠችው ዘመድ ነው። «አባቷን መርጣለች» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አባቷን! ጋዜጣውን ኮሌጁ በሙሉ አንብቦታል፤ ይሄንን የማነበው እኔ ብቻ። ይቅርባት አልኩ። ፖስታውን በሙጫ መልሼ አሸግኩና ክምሩ ውስጥ ከተትኩት። አልሄድኩም። አውቄ አልሄድኩም። በሽልማቱ ቀን ቤቴ ተቀምጬ ምስር ለቀምኩ።

ስሟ ሲጠራ መድረኩ ላይ ቆማ በሩን በሩን ታይ ነበር አሉ። በመጨረሻ አሰልጣኟ ሰጠቻት።

እሁድ መጥታ ፖስታውን አገኘችው። «ማንበብ እንደማትችል እንዴት ረሳሁ! ባለፈው እሁድ ጌም አለብኝ ብዬ ቀረሁ። ይቅርታ አባዬ፣ የኔ ጥፋት ነው» ብላ አለቀሰች። እኔስ ምን አልኩ? «ምን ይደረግ፤ ያልተማረ አባት እንዲህ ነው» አልኩ። ይቅርታዋን ተቀበልኩ። እኔ! እንባዋን በእጄ ጠረግኩላት። ሌባ ከዚህ ሌላ ምን ይሰርቃል?

ከዚያ በኋላ ጥፋቷን ልትክስ አንድም እሁድ አልቀረችም። ዓመታት አለፉ፤ ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ መጣች። እኔም ማንበብ እንደማይችል ሰው አስነበብኳት። አንድ እሁድ የጓደኛዋን ሠርግ አቋርጣ፣ በሠርግ ልብሷ፣ የመብራት ቢል ልታነብልኝ መጣች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳት።

«አንብበኸው ነበር?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እኔኮ ጋዜጣው አንተን ስለዘለለህ ነው የመረጥኩህ።» ቢሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በል የራስህን ደብዳቤ ራስህ አንብብ» ብላ ጫማዋን አደረገች።

ይቅር በሉኝ አልልም። ተቀይሜ ነው አልልም፤ የተቀየምኩት ጋዜጣውን ነው፣ የቀጣሁት እሷን። ዛሬ ደብዳቤ በመጣበት ቀን ከፍቼ አነባለሁ። በሬን የሚያንኳኳ የለም። ነገሩ ያለቀው በዚያ በሠርጉ ቀን፣ ኅዳር 12፣ እሁድ ነው።