ለሞተሩ የተውንለት አየር

ይህ የገጠመኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ለመስቀል ከአሥመራ ወደ አገሬ ወደ እምድብር ስመጣ ነው። አውሮፕላን በላዬ ባለፈ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አሥመራ ጨርቅ እነግድ ነበር። አባቴ ታሞ «የዘንድሮን መስቀል ልመርቃችሁ፤ የከርሞውን እንጃ» ብሎ ላከብኝ። በመኪና ቢሆን አልደርስም። እየፈራሁ ጄት ተሳፈርኩ።

ከጎኔ አንድ የቡታጅራ ልብስ ሰፊ ተቀምጧል። በሩ ተዘጋ፣ አንዱ ሞተር ተነሳ፤ ሌሎቹ ግን ዝም አሉ። ሙቀቱ በረታ። ሰዉ «ኧረ አየር ስጡን!» እያለ ጮኸ።

መካኒኩ ገብቶ አስረዳን። ለካ የጄት ሞተር የሚነሳው በኃይል በሚነፋ አየር ነው። የመጀመሪያውን ያስነሳው ውጭ የቆመው የአየር መንፊያ ማሽን ተበላሽቷል። አሁን የተነሳው ሞተር ካመቀው አየር እየተቀነሰ በቧንቧ ወደ ቀሩት ይሄዳል። እኛ የምንተነፍሰውም፣ የሚያቀዘቅዘንም ከዚያው የሚመጣ ነው።

«ለሁለቱም አይበቃም» አለ። «እስኪነሱ ታገሡ። ከወረዳችሁ ግን የተነሳውም መጥፋት አለበት፤ ዛሬ በረራ የለም።»

ልብስ ሰፊው ቀበቶውን ፈታ። «ተነስ እንጂ አንተ ሰው!»

«አልወርድም» አልኩት።

«ክትፎ ልትበላ ወጥተህ ጥብስ ሆነህ ልትደርስ ነው?»

«ልሁን። የታመመ አባት ይጠብቀኛል።»

ትክ ብሎ አየኝና ቀበቶውን መልሶ አሰረ። «በል እንግዲህ አብረን እንጠበስ» አለ። ተነስተው የነበሩትም እየሳቁ ተቀመጡ።

ያ የተነሳው ሞተር ድምፁን ከፍ አደረገ። ቆይቶ ሁለተኛው አጉረመረመ፣ ከዚያም የቀሩት። ወዲያው ከራሳችን በላይ ቀዝቃዛ አየር መጣ። ልብስ ሰፊው መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «ተመስገን!» አለ።

ከአውሮፕላኑ ወርጄ በመኪና ቀጠልኩና፣ በማግሥቱ ደመራው ሳይለኮስ ቤት ገባሁ። አባቴ ተደግፎ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«የተነሳው ለቆመው አየር ሲሰጥ፣ እናንተ ላባችሁ?» አለኝ።

«አዎ አባ።»

ሥራ አጥቶ ቤት የተቀመጠውን ታናሽ ወንድሜን በአገጩ አመለከተኝ። «እንግዲያው አንተም ትንሽ ይላብህ። ይዘኸው ሂድ።»

ከዚያ መረቀን። መስቀሉ ለአባቴ የመጨረሻው ሆነ።

ወንድሜን ወደ አሥመራ ወሰድኩት። ባንዲት ጠባብ ክፍል፣ ባንድ አልጋ እየተጋፋን ከረምን። ሥራውን ለምዶ በእግሩ ቆመ። በኋላ እኔ ከስሬ ስወድቅ፣ ወልቂጤ ሱቅ ከፍቶልኝ ያስነሳኝ እሱ ነው።

ያን ቀን ከአውሮፕላኑ ብወርድ ኖሮ የአባቴን ቃል አልሰማም ነበር። ያን ሙቀት ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል።