በትሩ የተሰበረበት ቅጂ

ዲስኩን ያገኘሁት አባቴ ለሥራ ይይዘው በነበረው የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቦርሳውን ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው የአልኮልና የአዮዲን ሽታ ነበር። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ቆዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከላይ የደም ግፊት መለኪያው ነበር። ከሥሩ በአምቦ የቀድሞ ስም «ሀገረ ሕይወት» የሚል ማኅተም ያረፈበት የድሮ የምስክር ወረቀት፣ ከዚያ በጋዜጣ የተጠቀለለ የዲቪዲ ማቀፊያ። ማቀፊያው ላይ አንዲት ልጅ የብር በትር ይዛ ሐይቅ ዳር ቆማለች። ዲስኩን አውጥቼ ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው ጭረቱ እንደ ሸረሪት ድር አበራ።

አባቴ ይህን ዲስክ እስካሁን ማስቀመጡን አላውቅም ነበር። ፊልሙን አምቦ ውስጥ ለልጆች እንዳይታይ የከለከለው እሱ ራሱ ስለነበር፣ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ቅዳሜ ጠዋት የንባብ ክበብ ነበረው፤ ያቋቋመው ከጎጃም የመጣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነው። መምህሩ አንድ የልጆች ተረት መጽሐፍ ሰጠኝ። በሳምንቱ ውስጥ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበዋለሁ፣ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጬ ለትንንሾቹ እተርካለሁ። ግማሾቹ ገና አማርኛ ስላልለመዱ በአፋን ኦሮሞ ጀምሬ በአማርኛ እጨርሳለሁ፤ አንዳንዴም በተቃራኒው።

ታሪኩ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ወንድሟን ሐይቅ ይውጥባታል። ልጅቷ ሐይቁ ውስጥ ወርዳ ከውኃው እመቤት ውኃን የሚያዝዝ በትር ትነጥቃለች፣ በበትሩም ወንድሟን ታስፈታለች። ዳር ስትደርስ ግን በትሩን ይዛ አትገባም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰብረውና መልሳ ሐይቁ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ከዚያ እንደማንኛዋም ልጅ ውኃዋን ቀድታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ትንንሾቹ የወደዱት በትሩን ነው። እኔ ገና መጨረሻው ላይ ሳልደርስ፣ ሁሉም ዱላ እየያዘ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ቆሞ ውኃውን «ቁም» ማለት ጀመረ። አንዲት እናት ልብስ ልታጥብ ወርዳ ይህን አየች። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጥታ፣ «ልጆቻችን ወንዝ እያዘዙ ነው፤ ይህን ነው የምታስተምሯቸው?» አለች።

አባቴ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ሥራው ነርስ ነው፤ ከተማው ሁሉ ግን ዶክተር ይለዋል። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን በአማርኛ የሚሰብክ እንግዳ ሲመጣ አጠገቡ ቆሞ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚያስተረጉመው እሱ ነበር። ሰባኪው እጁን ሲያነሳ እሱም ያነሳል፤ ሰባኪው ድምፁን ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። የራሱን አንዲት ቃል አይጨምርም።

በዚያው ሰሞን የመጽሐፉ ፊልም ከተማው ቪዲዮ ቤት ገባ። መምህሩ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ለልጆቹ ይታይ አለ። ያቺ እናት፣ «ጭራሽ?» አለች። አባቴ፣ «መጀመሪያ አይተን እንፈርዳለን» አለ። ፊልሙ ክፉ ሆኖ ከተገኘ ክበቡም እንዲዘጋ ኮሚቴው ተስማማ። እኔ ደግሞ ለልጆቹ ፊልሙን እንደሚያዩ ቃል ገብቼላቸው ነበር።

አባቴ በዚያ ቪዲዮ ቤት በኩል ሲያልፍ ሁልጊዜ ወደ ማዶ ይሻገር ነበር። ያን ቀን ግን ከመምህሩና ከእኔ ጋር ገባ። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ አፈሩ ወለል ውኃ ተረጭቶበት ቤቱ እርጥብ እርጥብ ይላል። ባለቤቱ አግዳሚውን በመሐረቡ ጠረገለት። ይህ ሰው ፊልሞቹን የሚያስተረጉመው ራሱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ሰዎቹን በዱላ እያመለከተ ይናገራል፣ ከራሱም ይጨምራል። የሐይቁ እመቤት ስትታይ፣ «ይቺ ጊንጪ ገበያ ላይ በግ ያስወደደችብን ናት» አለ። መምህሩ ሳቁን ዋጠው። አባቴ አልሳቀም።

ፊልሙ እየገፋ ሄደ። ልጅቷ ወንድሟን አወጣች፣ ዳር ቆመች፣ በትሩን ወደ ሰማይ አነሳች። ሙዚቃው ከፍ አለና ጽሑፍ መውረድ ጀመረ።

«አለቀ?» አለ አባቴ።

«አለቀ፣ ዶክተር።»

«በትሩስ?»

«ይዛው ገባቻ።»

ከአግዳሚው ተነሳሁ። «አይደለም፣ ትሰብረዋለች። መጽሐፉ ላይ ትሰብረዋለች።» ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞርኩ። «ጋሼ፣ ዘለልክብን አይደል?»

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። መብራት ሳይጠፋ ሁለት ፊልም ለማድረስ ሲሉ፣ ቪዲዮ ቤቶች ወሬ የበዛበትን ቦታ በሪሞት ማሳለፍ ልማዳቸው ነበር። ሰውዬው መዳፉን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳረፈ።

«ሌላ ቀን እዘላለሁ፤ አልዋሽሽም። መሳሳሙን እዘላለሁ። ሁለት ሽማግሌ ቁጭ ብለው ሲያወሩ እዘላለሁ። ዛሬ ግን ዶክተር እዚህ ተቀምጠው እጄ ሪሞት ነክቶ እንደሆነ፣ ይድረቅ።»

አባቴ ባርኔጣውን አደረገ። «ልጅቷ ከጠንቋይ የነጠቀችውን በትር ይዛ ቤቷ ገባች። ይህን ለልጅ አላሳይም።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። መጽሐፉን ይዤ ወደ አባቴ ሄድኩና የመጨረሻውን ገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ጥሩ መጽሐፍ ነው» አለ። «ፊልሙ ግን ሌላ ነው። የተጠየቅኩት ባየሁት ላይ እንድፈርድ ነው።»

«ክበቡስ?»

«የልጄን ቃል ብቻ ይዤ ኮሚቴ ፊት አልቆምም። ማስረጃ ካለሽ አምጪ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ፣ ስለ ፊልም ሚዛን ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። መጽሐፍን የወደደ ሰው ፊልሙ ውስጥ የሌለውን ነገር ከራሱ እያመጣ ይሞላል። አባቴ የፈረደው ፊት ለፊቱ ባለው ላይ ነበር። ያኔ ግን እንዲህ አላሰብኩም፤ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ተማሪዎች በቪዲዮ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉ፣ «ዘላዩ፣ ዛሬስ ምን ዘለልክ?» ይሉት ጀመር። የጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ፣ «ጋሼ፣ ከገበያ እስከ አውቶብስ ተራ ዘለል አድርገኝ» እያሉ ቀለዱበት። ሰውዬው ሲታገሥ ሲታገሥ ቆየና አንድ ቀን ቤቱን ቆልፎ አዲስ አበባ ሄደ።

የተመለሰው በገበያ ቀን ነው። ዝናብ ነበር። ቪዲዮ ቤቱን እንኳ ሳይከፍት በቀጥታ ግቢያችን መጣ። ጃኬቱ ርሷል፤ ከደረቱ ያወጣው ማቀፊያ ግን ደረቅ ነበር።

«አዲስ ዓለም ላይ መኪናው ተበላሽቶ ዝናቡ ወረደብን። ይህን አቅፌ ነው የቆምኩት» አለ። «ዶክተር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ለሲኒማ ሲያወጡት ቆርጠውታል። ለቤት ባወጡት ላይ የቆረጡትን መልሰውበታል አሉኝ። እኔ አልዘለልኩም፤ ልጅዎም አልዋሸችም።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«ብቻዬን አየሁት ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ባለበት ይከፈት።»

አባቴ አሰበበት። በአዳራሹ፣ ወላጆች ባሉበት እንዲታይ ፈቀደ። መምህሩ እንዲያስተረጉም፣ ቀልድ እንዳይኖር፣ አባቴም ሶኬቱ አጠገብ እንዲቀመጥ ተወሰነ። «በትሩን ይዛ ከገባች እነቅለዋለሁ» አለኝ። የሚያስፈራራኝ አልመሰለኝም፤ ሐኪም ለበሽተኛ የሚሆነውን አስቀድሞ እንደሚነግር ነበር የነገረኝ።

ያን ቅዳሜ አዳራሹ እርጥብ ሹራብ ሸተተ። ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ደራርበን ሰቀልነው። ትንንሾቹ ከፊት መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ወላጆች ከኋላ። ያቺ እናት የመጨረሻው አግዳሚ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። አባቴ ወንበሩን ግድግዳው ሥር አድርጎ የሽቦውን ጫፍ በእጁ ያዘ።

መምህሩ በአማርኛ ጀመረ። ወዲያው ከመሬት ላይ ሹክሹክታ ተነሳ፦ «ማል ጄቴ?» ምን አለች ነው ጥያቄው። አንዱ ለሌላው ሲነግር ቀጣዩ ያመልጠዋል፤ እንደገና «ማል ጄቴ?» ይላሉ። መምህሩ አፋን ኦሮሞ አይችልም፤ ላብ አጠመቀው። ልረዳው ተነስቼ ሞከርኩ፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ዋጠው። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ከበሩ ሥር ሆኖ እኔ ላስተርጉም ብሎ በዓይኑ አባቴን ለመነ። አባቴ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

ከዚያ ሽቦውን ለቀቀና ተነሳ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዶ፣ ልክ እሑድ እንደሚቆመው፣ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ቆመ።

መጀመሪያ ላይ መድኃኒት አወሳሰድ የሚያስረዳ ይመስል ነበር። መምህሩ በአማርኛ ይለዋል፣ እሱ ይቀበለዋል። የሐይቁ እመቤት ስትመጣ ግን ድምፁ ወረደ፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋጉ። ልጅቷ ስትጠልቅ እሱም ትንፋሹን ያዘ። የራሱን አንዲት ቃል አልጨመረም፤ እንደ ልማዱ እጆቹ ብቻ ተከተሏት። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሱቄን ልዘጋ ነው መሰለኝ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር የተራዘመው ቅጂ ብዙ ቦታ ይንዛዛል። ፈረሶች ሲሮጡ ይከርማሉ፤ ልጆቹ መቁነጥነጥ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ዳሩ መጣ። ልጅቷ ቆመች፣ በትሩን ወደ ሰማይ አነሳች። ያለፈው ጊዜ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ዓይኔ ወደ ሶኬቱ ሄደ፤ አጠገቡ ማንም የለም።

ሙዚቃው አልመጣም። ልጅቷ በትሩን ቀስ አድርጋ አወረደች፣ ወንድሟን አየችው፣ ጉልበቷን አነሳች። አባቴም ጉልበቱን አነሳ። አየሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ጉልበቱ ላይ ሰበረው።

«ጨብሲቴ» አለ። ሰበረችው።

«ጨብሲቴ» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ ቤተ ክርስቲያን አሜን እንደሚባለው። ጣሪያው ላይ ያለው ዝናብ ለአንድ አፍታ የቆመ መሰለኝ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ እንስራዋን ስትሞላ ያቺ እናት ከኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እሰይ፤ አሁን ውኃዋን ትቅዳ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ ጽሑፉ ወርዶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሶኬቱ ሄዶ ነቀለውና ወደ ወላጆቹ ዞረ። «ኮሚቴው አይቷል። ክበቡ ይቀጥላል።» በአጠገቤ ሲያልፍ መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈ። መዳፉ በላብ ርሶ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለው ቦታ አልበቃቸውም። ሁሉቃ ዳርም ውኃን የሚያዝዝ ጠፋ፤ ሁሉም ዱላውን ጉልበቱ ላይ እየሰበረ ወደ ወንዙ ይወረውር ጀመር። ያቺ እናት እንደገና መጥታ፣ ማገዶ አለቀብን ብላ ከሰሰች። ባለ ቪዲዮ ቤቱን ከዚያ ወዲያ ዘላዩ ያለው የለም። ዲስኩን ለአባቴ የሰጠው መቼ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

በሙያዬ ስለ ብዙ ፊልሞች ጽፌያለሁ። ስለዚህኛው ብጠየቅ መካከለኛ ፊልም ነው እላለሁ፤ ሐይቁ ቀለም የተቀባ ይመስላል፣ ፈረሶቹም ይበዛሉ። የቆረጡት ግን የታሪኩን ልብ ነበር። የመለሱትን ሰዎች አመሰግናለሁ።

ባለፈው ክረምት አባቴን ስትሮክ መታው። ግራ እጁ አይታዘዝም። አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም አንድ ላይ ሄደዋል፤ የሚናገረው በዓይኑ ነው። ዲስኩን ባገኘሁበት ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ከፈትኩለት። ድምፁን ዘጋሁት፤ የዚህ ፊልም ድምፅ ለእኔ የእሱ ድምፅ ነው። ጭረቱ አንዳንድ ቦታ ያዘው፣ ፈረሶቹም አንዴ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ግን ደረስን። ልጅቷ በትሩን አወረደች።

አባቴ ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አየሩን ጨበጠ። ግራው አልመጣለትም። በዓይኑ ፈለገኝ። ተጠጋሁና የእኔን እጅ በግራው ቦታ አደረግኩለት፤ አንድ ላይ ይዘን ሰበርነው።